አሥር ወር ከአንድ የፒዲኤፍ ማንበቢያ ጋር፦ ዙም ሳደርግ ዕብራይስጡ ወዴት ይሄዳል?

እቤታችን ሁለት ዓይነት ወረቀት ይገባል። አንዱ ዕብራይስጥ ነው፤ የኪራይ ውል፣ የሐኪም ደብዳቤ፣ ትሉሽ (የደመወዝ ወረቀት)። ሌላው እናቴ የምታነበው አማርኛ ነው። የምንኖረው እስራኤል ስለሆነ ሁለቱም አይቀሩልንም። አንዱ ከቀኝ ይጀምራል፣ ሌላው ከግራ። ሁለቱንም የምከፍተው በአንድ 10.1 ኢንች ታብሌት፣ በአንድ አፕ ነው። አፑን ከገዛሁት 10 ወር ሆነኝ። ስሙን አልጠራም። ይኸው ችግር በሌሎች ሁለት አፖችም ገጥሞኛል፣ አንዱን ብቻ መውቀስ ደግ አይደለም።

ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም። ፈጣን ነው። ብዙ ገጽ ያለው ስካን ሲከፍት አይንገታገትም። ማስመሪያውና ማስታወሻ መጻፊያው ግሩም ነው። ገንዘቤን ያወጣሁትም ለዚህ ነበር። ዙም፣ ማለትም ገጹን ማጉላት፣ ያስቸግረኛል ብዬ ጭራሽ አላሰብኩም። ዙም ምን አለው?

የነቃሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ የሐኪም ደብዳቤ እየተረጎምኩላት ነበር። ፊደሉ ስላነሰብኝ የመደመር ምልክቷን ሁለቴ ነካሁ። ዕብራይስጥ ላይ ዳሌትና ሬሽ የሚባሉት ፊደሎች በደቃቅ ሲጻፉ መንታ ናቸው፣ በሕክምና ወረቀት ደግሞ በግምት አይነበብም። ገጹ ነጭ ሆነ። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ዘግቼ ከፈትኩት። አጎላሁት፣ አሁንም ነጭ። ለካ ጽሑፉ አለ፤ ወደ ቀኝ ተሰዶ ነው። እናቴ እየሳቀች፣ «ይሄ ወረቀት ምን አባሮት ነው የሚሸሸው?» አለች።

ያባረረውን አሁን አውቀዋለሁ። ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲሜትር ይሰፋል። የኔ ታብሌት አቁሜ ስይዘው ስክሪኑ 13.6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ወረቀቱን ወደ 150 በመቶ ሳጎላው 31.5 ሴንቲሜትር ይሆናል። ስለዚህ የማየው ከግማሽ በታች ነው። የትኛውን ግማሽ ነው ጥያቄው። አፑ በመደመር ምልክቷ ሲያጎላ የግራውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። አማርኛ መስመሩ የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ ምንም አይለውም። ዕብራይስጡ ግን የሚጀምረው በቀኙ ጠርዝ በኩል ነው፤ ያ ጠርዝ ከስክሪኑ ውጭ 18 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል። የሚታየኝ የመስመር ጭራ ነው። መስመሩ አጭር ከሆነ ጭራውም የለም።

ታዲያ በሁለት ጣት አትዘረጋውም? እዘረጋዋለሁ። በጣት ሲሆን ጣቶቼ ያረፉበት ቦታ እዚያው ይቆያል፣ በዚህ አፑን አላማውም። ገጽ ሳገላብጥ ግን መጠኑን ይጠብቅና ቦታውን ይረሳል። ባለ 12 ገጽ ውል ማለት 12 ጊዜ ወደ ቀኝ መጎተት ነው።

ፋይሉ ራሱም ብዙ አያግዝም። ፒዲኤፍ ፊደሎችን ገጹ ላይ በልኬት ነው የሚያስቀምጣቸው፤ ይሄኛው እዚህ፣ ያኛው እዚያ። ስካን ከሆነማ ፎቶ ነው፣ ፎቶ ቋንቋ የለውም። የፒዲኤፍ መመዘኛ ውስጥ «ከቀኝ ወደ ግራ» የሚባል ምልክት አለ፤ ዋና ሥራው ግን ጎን ለጎን የሚታዩ ገጾችን መደርደር ነው። ስለ ዙም አንዳች አይልም።

በአምስተኛው ወር አፕዴት መጣ። ሴቲንግ ውስጥ «ከቀኝ ወደ ግራ» የምትል ማብሪያ ተጨምራለች። ደስታዬ 3 ቀን ቆየ። ለካ ማብሪያዋ የምትገለብጠው ዙሙን ብቻ አይደለም። የገጹ ማገላበጫ አቅጣጫም፣ ጥንድ ገጾች የሚቀመጡበትም አብሮ ይዞራል። ያውም ለሁሉም ፋይል። የእናቴን አማርኛ ስከፍት ከመስመሩ ጭራ ጀመረ። «አሁን ደግሞ የኔን አባረርከው» አለችኝ።

ለአፑ ሰዎች ጻፍኩላቸው። ቋንቋውን ራሱ ይወቅ አልኩ። «አስተያየትዎ ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ከሳምንታት በኋላ ግን የጠየቅኩት ራሱ ስህተት እንደሆነ ገባኝ። አንድ የሰፈር ማስታወቂያ ደረሰን፤ በስተቀኝ ዕብራይስጥ፣ በስተግራ አማርኛ፣ ሁለቱም አንድ ገጽ ላይ። ይሄን አፑ በየትኛው ጠርዝ ይያዘው? እኔ አንዱን፣ እናቴ ሌላውን ነው የምናነበው። ቋንቋ ማወቁ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። 3ኛው ገጽ ላይ በስተቀኝ ካለሁ 4ኛውንም በስተቀኝ ይክፈትልኝ። ፋይሉን ነገ ስከፍተው ደግሞ ዛሬ የነበርኩበትን ያስታውስ። ይኸው ነው። መገመት አይጠበቅበትም።

ጽሑፉን ከስክሪኑ ስፋት ጋር እንደገና የሚያጥፍ ሁነታም አለው። ሲታሰብ መድኃኒቱ ይህ ነበር፤ ወዲያ ወዲህ መጎተት የለም። ስካን ላይ አይሠራም። ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ ከሚሰጠው መመዘኛ) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ አማርኛ ሲገባበት ደግሞ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል፤ ፊደሎቻችን ያኔ የላቲን ኮድ ተበድረው ነው የተጻፉት። አንዳንድ የድሮ ዕብራይስጥ ፋይልም ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት ይገለብጠዋል። ሁለት ቀን ሞክሬ ተውኩት።

ያዳነኝ ታብሌቱን ማጋደም ነው። ሲጋደም ስክሪኑ 21.8 ሴንቲሜትር ይሰፋል፤ ኤ4 በሙሉ መጠኑ ይገባል፣ ቀኝና ግራ የሚባል ጣጣ የለም። የኅዳጉን ባዶ ቦታ የሚቆርጥ ቁልፍም አለ። በሁለቱም በኩል 2.5 ሴንቲሜትር ስቆርጥለት ጽሑፉ 16 ሴንቲሜትር ላይ ይቀራል፣ ወደ 136 በመቶ ማጉላት እችላለሁ። እናቴ ሱንና ሲን ለመለየት ይህ ይበቃታል። ከዚያ በላይ ስትፈልግ ግን ያው መጎተት ነው።

ክፍያው በ2 ወር ያልቃል። ማስታወሻዎቼ ሁሉ እዚያ ስላሉ ሳላድሰው አልቀርም። እናቴ ግን የሷን ፋይሎች ታብሌቱ ይዞት በመጣው ማንበቢያ እንድከፍትላት ነግራኛለች። ማስመሪያ የለውም፣ ዝግ ያለ ነው። «አይሸሽም» ትላለች።