ለጦርነት ዘመን ዊሊስ ጂፕ የትኛው ይሻላል፦ 6፣ 12 ወይስ 24 ቮልት?

የድሮ ወታደራዊ ጂፕ የገዛ ሰው የመጀመሪያው ብርዳማ ጠዋት ላይ የሚጠብቀው ነገር አለ። ወለሉ ላይ ያለችውን ማስነሻ በእግሩ ሲረግጥ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሁለቴ አቃስቶ ዝም ይላል። ያኔ በዙሪያው የቆመ ሁሉ ባለሙያ ይሆናል፦ «ይሄን 6 ቮልት ጣለውና ወደ 12 ቀይረው!» እኔም የ1943 ዊሊሴን ይዤ እዚህ ሜሪላንድ ሁለት ክረምት ይህንኑ ስሰማ ከረምኩና የ12 ቮልት ዕቃውን በሙሉ አዘዝኩ። ካርቶኑ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለአንዳንድ ጂፕ እኔው ራሴ የምመክረው እሱን ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ለተመሳሳይ ሥራ ቮልቱ ሲያንስ አምፔሩ ይበዛል። 45 ዋት የሆነ የፊት መብራት በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ይስባል፤ በ12 ቮልት 3.75፤ በ24 ደግሞ 2 እንኳ አይሞላም። ሽቦ የሚያግለው አምፔር ነው፤ አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ በዚያው ሽቦ ላይ የሚባክነው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ዝገት የያዘ ማያያዣ ግማሽ ቮልት ቢበላ ከ12 ቮልት መኪና የወሰደው 4 በመቶ ነው፤ ከ6 ቮልቱ ግን 8 በመቶ ይሆናል። የክር አምፖል ደግሞ ከቮልቱ 10 በመቶ ሲያጣ ከብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይሄድበታል። 6 ቮልት ሥራውን ይችላል፤ ቆሻሻ ነው የማይችለው።

6 ቮልቱን እንዳለ መተው

ከ1941 እስከ 1945 ዊሊስና ፎርድ የሠሯቸው ጂፖች 6 ቮልት፣ ማሳቸው (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የባትሪ ወገን) ኔጌቲቭ፣ ጄኔሬተራቸው 40 አምፔር ነው። የኔዋ ለምን እንደምታቃስት ያወቅኩት አንድ ቅዳሜ ነው። የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ አሳረፍኩ፤ በገመዱ መያዣ ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ ሞተሪኖው አካል ላይ አድርጌ ልጄን «ርገጥ!» አልኩት። 0.9 ቮልት አነበበ። ከ6 ቮልቱ 15 በመቶው ሞተሪኖው ጋ ሳይደርስ በማሳው መንገድ ላይ ቀልጦ እየቀረ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ የተቀመጠው የጎማ ትራስ ላይ ስለሆነ ከሻንሲው (ከመኪናዋ የብረት አጽም) ጋር የሚያገናኘው አንድ የተጎነጎነ የመዳብ ማሰሪያ ነው። ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት ሻንሲውን አሳምሮ ቀብቶት ነበር፤ ማሰሪያውንም በቀለሙ ላይ አጥብቆ አስሮታል። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቄ መልሼ አሰርኩት። የባትሪ ገመዶቹም ለዛሬ መኪና የተሠሩ ቀጫጭን 4 ቁጥር ነበሩ (ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል)፤ በ00 ቁጥር፣ ማለትም 67 ሚሊ ሜትር ካሬ ገደማ በሆኑ ወፍራም ገመዶች ተካኋቸው። መለኪያው ወደ 0.2 ወረደ፤ ጂፗም በመጀመሪያው ርግጫ ተነሳች። ለለውጡ ልከፍል ከነበረው ገንዘብ ጥቂቱን ብቻ ነው ያወጣሁት።

ጉድለቱን ግን አልደብቅም። 40 አምፔር በ6 ቮልት 240 ዋት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲዞር ጄኔሬተሩ የሚሞላው ነገር የለም። 6 ቮልት ባትሪ በየመንገዱ ሱቅ አይገኝም። መንገድ ላይ ብትቆም የጎረቤት ቶዮታ አይረዳህም። ስልክ መሙላትም ቀላል አይደለም። የመብራቱን ነገር ለ6 ቮልት የተሠሩ ኤልኢዲ አምፖሎች ያቀሉታል።

8 ቮልት ባትሪ የሚመክሩህ ሰዎች አሉ፤ እለፋቸው። ባለ አራት ሴል ባትሪ በደንብ እንዲሞላ የጄኔሬተሩን ቮልት የሚቆጣጠረውን ሬጉላተር ወደ 10 ቮልት መጠጋት ግድ ይልሃል፤ ያኔ 6 ቮልት አምፖሎችህ አንድ በአንድ ይሰናበቱሃል።

ወደ 12 ቮልት መሄድ

እዚህ ላይ ገዢው የሚሳሳተው «ባትሪና ዲናሞ ቀይሬ አበቃሁ» ብሎ ነው። አምፖሎቹ ሁሉ፣ ጠላት እንዳያይ የደበዘዙት የጨለማ ጉዞ መብራቶች ሳይቀሩ፣ ይቀየራሉ። ክላክሱ 12 ቮልት አይለምድም፤ ለጊዜው በኃይል ይጮህና ይቃጠላል። ቦቢናው (ለካንዴላው ብልጭታ የሚያመነጨው) በ12 ቮልት ይተካ፤ ስትገዛ ግን በላዩ የተጻፈውን አንብብ፤ የውጭ ሬዚስተር የሚፈልግ ከሆነ ያለ እሱ ካሰርከው ቦቢናውም ፑንቲናውም (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው መገናኛ) አይበረክቱም። ፑንቲናና ካንዴላ ባሉበት ይቆያሉ። የዘይትና የሙቀት መለኪያዎቹ ኤሌክትሪክ ስለማይነካቸው አታስባቸው። የነዳጁ መለኪያ ግን ኤሌክትሪክ ነው፤ ቮልት የሚቀንስ ዕቃ ይፈልጋል። ለዚህ ርካሽ ሬዚስተር አትግዛ፤ የሚቀንሰው ቮልት በሚያልፍበት አምፔር መጠን ስለሚለዋወጥ ታንኩ ሙሉ ሆኖ ግማሽ ሊያሳይህ ይችላል። ሁልጊዜ 6 ቮልት የሚያወጣውን ግዛ።

ሞተሪኖው ላይ ሰው አይስማማም። የ6 ቮልቱ ሞተሪኖ በ12 ቮልት ይሠራል፤ እንዲያውም ሞተሩን እንደ ወፍጮ ያሽከረክረዋል። ችግሩ ጥርሱ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ ካለው ባለ ጥርስ መንኮራኩር) ጥርስ ጋር በመዶሻ እንደተመታ ያህል መጋጨቱ ነው። በዓመት አምስት ጊዜ ለሰልፍ የምታስነሳት ከሆነ ግዴለም። በየሳምንቱ የምትነዳት ከሆነ ግን የ12 ቮልት ሞተሪኖ ግዛ፤ ከመግዛትህ በፊት የቮላኖህን ጥርሶች ቁጠር፤ ሁሉም ቮላኖ እኩል ጥርስ የለውም።

ጋራዥ ውስጥ ጄኔሬተሩንም አልተርኔተሩንም ዲናሞ ብለን ነው የምንጠራቸው፤ ለገዢ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው። የ12 ቮልት ጄኔሬተር ከሬጉላተሩ ጋር ስታስገባ ኮፈኑን የከፈተ ተመልካች ልዩነቱን አያይም፤ ዝግ ብሎ ሲዞር አለመሙላቱ ግን እንዳለ ይቀራል። አልተርኔተር በዝግታም ይሞላል፣ ጥገናውም ትንሽ ነው፤ ባለ አንድ ሽቦው ዴልኮ 10ኤስአይ 63 አምፔር የሚሰጥ አለው። ይህ ቁጥር ደስ ብሎህ ሳትቸኩል ቆም በል። ዳሽቦርድህ ላይ ያለው የአምፔር መለኪያ ከ40 አምፔር ጄኔሬተር ጋር እንዲሠራ የተገጠመ ነው። ባትሪህ ባዶ ሆኖ ብታስነሳት አልተርኔተሩ ያለውን ሁሉ በዚያ መለኪያና በዚያ ጨርቅ ለበስ ሽቦ ያሳልፋል። ቨርጂኒያ ያለ ወዳጄ ይህን ያወቀው በአፍንጫው ነው። አልተርኔተር ካልክ ወፍራም ሽቦ በፊውዝ አድርገህ በቀጥታ ወደ ባትሪው ውሰድ፤ መለኪያውን ለጌጥ ተወው ወይም በቮልት መለኪያ ተካው። ፑሌጃውም (ቺንጋው፣ ማለትም ቀበቶው፣ የሚዞርበት መንኮራኩር) ከቺንጋህ ስፋት ጋር መስማማቱን አረጋግጥ። ባለ አንድ ሽቦው ደግሞ መሙላት የሚጀምረው ሞተሩን አንዴ ከፍ ካደረግከው በኋላ ነውና «አይሞላም» ብለህ ለሻጩ አትመልስ።

ማታ የምትነዳት፣ ቤተሰብ ጭነህ የምትጓዝባት፣ ወይም ሽቦዋ በሙሉ አርጅቶ ከነጭራሹ መቀየር ያለበት ጂፕ ከሆነች 12 ቮልት ከአልተርኔተር ጋር ገንዘቡ ይገባዋል። ሽቦው እንደሆነ ለማንኛውም ይቀየራል።

24 ቮልት

ለ1940ዎቹ ጂፕ 24 ቮልት አልመክርም፤ ዕቃው ውድ ነው፣ ሁለት ባትሪ የምታስቀምጥበት ቦታም የላትም። 24 ቮልት የኤም 38 ነው፤ ይህች ጂፕ ከ1950 ጀምሮ ስትሠራ ሁለት 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ታስረውላት፣ ኤሌክትሪኳ ውኃ እንዳይገባው ተደፍኖ ነው የወጣችው። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በገባበት በ1951 አሮጌዎቹ ባለ 6 ቮልቶችና አዲሶቹ ባለ 24ዎች በአንድ ሠራዊት ውስጥ ነበሩ፤ የባትሪ ኃላፊው ያየውን አበሳ አስበው። ኤም 38 ወይም ከ1952 ጀምሮ የመጣችውን ኤም 38ኤ1 ካገኘህ 24 ቮልቷን አትንካ። 12 ቮልት ሬዲዮ ሲያምርህ ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ አትሳብ፤ አንዱ እየተራበ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መቀየሪያ ግዛ።

አገር ቤት ጋዝ 69 ወይም ዋዝ የሚባሉት የሶቪየት ጂፖች ላላችሁ፣ የናንተ ከፋብሪካ ሲወጣ 12 ቮልት ነውና ይህ ሁሉ ራስ ምታት አይመለከታችሁም፤ የማሳውን ማሰሪያ ግን እናንተም ፍቁት።

የቀየረ ሰው ያወጣውን ጄኔሬተር፣ ሬጉላተርና አምፖል አይጣል፤ በካርቶን አድርጎ ያስቀምጥ፣ መኪናዋን ሲሸጥ ገዢው ይጠይቀዋል። ባትሪው አጠገብም ቀለም በማይለቅ ብዕር «12 ቮልት» ብሎ ይጻፍ። ይህች ጂፕ 6 ቮልት መሆኗን በቃሉ የሚያውቅ መካኒክ አንድ ቀን 6 ቮልት ቻርጀር ይዞ መምጣቱ አይቀርም።