ባለ ቪት ወይስ ባለ ሰንሰለት? ለጭቃና ለበረዶ የሚሆን ተሽከርካሪ

በክረምት ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ የወረደ ሰው የደምቢያን ዋልካ ያውቀዋል፤ ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ያለሰልሰውና መኪናው ባለበት ይሽከረከራል። ለእንዲህ ያለ መሬት ከጎማ ሌላ ሁለት መላ አለ፤ እንደ ዶዘር በሰንሰለት መሄድ ወይም በሁለት ትልልቅ ቪቶች መገፋት።

ባለ ቪቱ ከግራና ከቀኝ በርሜል የሚመስሉ ባዶ ሲሊንደሮች አሉት፤ በዙሪያቸው የተጠመጠመው የብረት ጥርስ፣ ቪት እንጨት ውስጥ እየዞረ እንደሚገባ ሁሉ፣ በረዶውን ወይም ጭቃውን እየገፋ ያስኬደዋል። ሲሊንደሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞሩ ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ሲዞሩ ደግሞ ወደ ጎን ይሄዳል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የፎርድሰን ትራክተር በዚህ ዘዴ በረዶ ላይ ተነድቷል፤ ሶቪየቶችም ዚል-2906 የተባለውን ባለ ቪት ተሽከርካሪ የሠሩት ከጠፈር ሲመለሱ ከሰው ርቀው የወረዱ ጠፈርተኞችን ከረግረግና ከበረዶ ለማውጣት ነበር። ሲሊንደሮቹ ስለሚንሳፈፉ ውኃም አያግደውም፤ በጣና ዳር ባለው ደንገል ውስጥ ሰንሰለቱ ሲሰምጥ ቪቱ ያልፍ ይሆናል።

ችግሩ ደረቅ መሬት ላይ ነው። ጠጠር ጥርሱን ይበላዋል፣ አስፋልቱንም ጥርሱ ያርሰዋል፤ ዚል-2906 ራሱ በባለ ስድስት ጎማ መኪና ተጭኖ ነበር እስከ ረግረጉ የሚደርሰው።

ሰንሰለት ግን ክብደቱን በሰፊው ዘርግቶ፣ ባነሰ ነዳጅ፣ ጭቃውንም የሊማሊሞን ድንጋይም ይረግጣል። ስለዚህ ለደምቢያ ገበሬ፣ ማሳው ከጠጠር መንገድ ጋር ለተያያዘበት፣ እኔ የምመርጠው ሰንሰለቱን ነው።