ከሲሚንቶው ሩቡን በከሰል አመድ ተክቼ ያየሁት

በከረጢት ታሽጎ የሚሸጠውን የድንጋይ ከሰል አመድ ለአንድ ቤት መሠረትና ለአንድ የውሃ ገንዳ ተጠቅሜበታለሁ። በሁለቱም ሥራ ሲሚንቶውን በክብደት 25 በመቶ ቀንሼ ያንኑ ያህል አመድ አስገባሁ። ወድጄዋለሁ። ግን እንደ ተለመደው ሲሚንቶ የሚይዘው ሰው ሥራውን ሊያበላሽበት ስለሚችል ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ።

ከረጢቱን ስትከፍቱት ፈካ ያለ ግራጫ ነው፤ በጣት ሲሹት እንደ ዱቄት ይለሰልሳል። ምድጃው ሥር ከሚወድቀው ሻካራ አመድ ጋር እንዳታምታቱት፤ እሱ ብሎኬት ውስጥ በአሸዋ ቦታ ቢገባ ነው የሚሻለው። ይህኛው በኃይል ማመንጫው ከጭሱ ጋር ሽቅብ ሲበር በኤሌክትሪክ ማጣሪያ የሚያዘው ነው። እሳቱ ውስጥ ቀልጦ ገና በአየር ላይ እያለ ስለሚቀዘቅዝ፣ ብናኙ አብዛኛው ድብልብል የመስታወት ፍሬ ነው። ጥቅሙ ገና ሲቦካ ይታያል፦ አርማታው ይንሸራተታል፣ ፌሮ በተጠጋጋበት ቦታ ሳይገፋ ይገባል፣ የሚፈልገውም ውሃ ይቀንሳል። የቀነሰውን ውሃ መልሳችሁ እንዳትጨምሩ። ያተረፋችሁት ጥንካሬ እሱ ነው።

ደግሞ በሳጥን አትስፈሩ። የሲሚንቶ አንጻራዊ ጥግግት 3.15 ገደማ ሲሆን የአመዱ በብዛት ከ2.2 እስከ 2.4 ነው፤ ስለዚህ እኩል ሳጥን ማለት እኩል ክብደት ማለት አይደለም። እኔ በመጀመሪያው ቀን በሳጥን ለመሥራት ሞክሬ ድብልቁ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ሲለያይብኝ ሚዛን አስመጣሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ኖራ ያተርፋል። አመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ያንን ኖራ እየወሰደ አሸዋና ጠጠሩን የሚያጣብቀውን ያንኑ ማያያዣ ይፈጥራል። ሮማውያን የእሳተ ገሞራ አመድን ከኖራ ጋር ቀላቅለው የገነቡትም በዚሁ ባሕርይ ነው። ነገር ግን ሲሚንቶው ኖራውን እስኪያወጣ አመዱ መጠበቅ አለበት፤ ስለዚህ ጥንካሬው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ይህን በወሬ አውቀው ነበር፤ በሥራ ያወቅሁት ግን አንድ ጠዋት ነው። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር። ልጆቹ እንደ ወትሮው በማግስቱ የኮለኑን እግር ፎርም ሲነቅሉ ማዕዘኑ ከጣውላው ጋር ተቀርፎ መጣ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አላስጠነቀቅኋቸውም። ከዚያ ወዲህ የጎኑን ፎርም ቢያንስ እስከ ሦስተኛው ቀን አላስነካም።

ከመሠረቱ ሙሊት ለጥንካሬ ምርመራ የወሰድኳቸውን የአርማታ ኩቦች ከአመድ ነፃ ከሆነው ድብልቅ ጋር ጎን ለጎን አሰብሬ ነበር። በ7ኛው ቀን የአመዱ በግልጽ ዝቅ ብሎ ሲታይ ባለቤቱ ተጨንቆ ደወለልኝ። በ28ኛው ቀን ተቃረቡ፤ በ56ኛው ቀን የአመዱ ቀድሞ ተገኘ። ይህ የሚሆነው ግን እርጥበት ሳይቋረጥበት ነው። እኔ ጆንያ አልብሼ 14 ቀን ሙሉ ውሃ አጠጣሁት። በሦስት ቀን ውሃ አቁሞ «አመዱ አታለለኝ» የሚል ሰው አመዱን በከንቱ ነው የሚከሰው።

ለወፍራም ሙሊት ከዚህ የተሻለ ነገር አልያዝኩም። ሲሚንቶው ስለቀነሰ አርማታው ውስጡ ብዙ አይግልም፣ በሙቀት ልዩነት የሚመጣውም ስንጥቅ ይቀንሳል። በአሜሪካ ሞንታና ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጠናቀቀው ሃንግሪ ሆርስ ግድብ ይህንኑ አመድ ይዞ ነው የተሠራው። የእኔ መሠረት ከዚያ ጋር ባይወዳደርም፣ ከዳር እስከ ዳር በእጄ እየዳሰስኩ ፈልጌ አንድም የሚያሳስብ ስንጥቅ አላገኘሁበትም። ገንዳውም ውሃ ከተሞላ ጀምሮ ግድግዳው ደረቅ ነው፤ ኖራው ስለተበላ አርማታው ይበልጥ ድፍን ይሆናል።

ያልወደድኩት የአመዱ ወጥ አለመሆን ነው። ሁለተኛው ጭነት ጠቆር ብሎ፣ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይዞ መጣ። ያ ያልተቃጠለ ካርቦን ነው፤ አርማታው ውስጥ ጥቃቅን የአየር አረፋ እንዲያዝ የምንጨምረውን ኬሚካል ይመጠዋል። ሻጩን የምርመራ ወረቀት ስጠይቀው የመጀመሪያውን ጭነት ወረቀት ደግሞ ሰጠኝ፤ ዕቃውን መለስኩለት። ወረቀቱ ላይ በማቃጠል የሚጠፋውን ክብደት ፈልጉ፤ ያልተቃጠለውን ካርቦን የሚያመለክተው እሱ ነው። በአሜሪካው ኤኤስቲኤም ሲ618 መለኪያ ጣሪያው 6 በመቶ ነው። ዓይነቱን፣ ኤፍ ይሁን ሲ፣ እሱንም አረጋግጡ፤ ሲ ኖራ ስለሚበዛበት ጠባዩ ይለያል። ብናኙም ለሳንባ ክፉ ነው፤ ያለ ጭምብል ከረጢት አታስከፍቱ።

ይህን ሁሉ የምታገሠው ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጓል፣ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይጋገራል፤ ከማገዶው ሌላ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በሌላ በኩል አመዱ ተከምሮ ሲቀር ምን እንደሚያደርስ በታኅሣሥ 2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴነሲ፣ ኪንግስተን ታይቷል፤ የአመድ ኩሬው ግድብ ተደርምሶ ወንዝና ቤት አለበሰ። ከሰል ማቃጠልን ደግ ነገር ነው አልልም። የተከመረው አመድ ግን ዝናብና ነፋስ ከሚወስደው አርማታ ውስጥ ታስሮ ቢቀር እመርጣለሁ።

ለመሠረትና ለገንዳ ደግሜ እገዛዋለሁ። ድጋፉ ቶሎ መነሳት ላለበት ሶሌታ ግን ከ15 በመቶ አላሳልፍም፤ ቅዝቃዜ ሲበረታ ደግሞ ጨርሶ አላስገባውም። ከገንዳው ሙሊት የወሰድኳቸው ሦስት ኩቦች አሁንም ውሃ ውስጥ ናቸው፤ በ90ኛው ቀን ይሰበራሉ።