ክፍል ሁለቱን ቀድማችሁ እንዳትከፍሉበት

ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ነገ ልጻፈው ብል ንዴቱ ይበርዳል፤ ሲበርድ ደግሞ ምን አገባኝ ብዬ እተወዋለሁ። እናንተም ሄዳችሁ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ አሁኑኑ ልንገራችሁ።

የቫምፓየሮችና የተኩላ ሰዎች ፊልም ነው፤ ክፍል ሁለት። ስሙን አልጽፍም። ክፍል አንዱን ያየ ሰው ትንሽ እንዳነበበ ያውቀዋል።

ሻጮቹን ደግሞ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ፊልሙ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መልእክቱ ስልካችሁ ላይ ይገባል። ክፍል አንድና ሁለት በአንድ ጥቅል፣ ያልታዩ ትዕይንቶች ተጨምረውበት፣ ቅናሹ እስከ ዛሬ እኩለ ሌሊት ብቻ። በማግስቱም ያው መልእክት ይመጣል፤ ያው እኩለ ሌሊት። ግምገማ የሚጽፉት ሰዎች በዚያ ሰዓት አይናገሩም። ፊልሙን ቀድመው ቢያዩትም እስከተባለው ቀን ዝም ሊሉ ተስማምተው ነው የሚያዩት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅኩ ከፈልኩ። በራሴም የተናደድኩት ለዚህ ነው።

የከፈልኩት ክፍል አንድን ስለምወደው ነው። ያላያችሁት ካላችሁ መጨረሻውን ልነግራችሁ ነው፤ ሳልነግራችሁ የተሠራብኝ ነገር አይገባችሁም።

ጀግናዋና ታላቅ ወንድሟ ቫምፓየሮች ናቸው። ተኩላዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳድዷቸው ያድራሉ። ሊነጋጋ ሲል አንድ አሮጌ ምሽግ ጋ ይደርሳሉ። የምሽጉ በር ከውስጥ አይዘጋም፤ መቀርቀሪያው ከውጭ ነው። ወንድሟ እሷን ገፍቶ ያስገባትና በሩን ከውጭ ይቀረቅረዋል። ከዚያ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቆማል። ተኩላዎቹን አንድ በአንድ ይመክታቸዋል። ጨረቃዋ ስትጠልቅ ወደ ሰውነታቸው ተመልሰው ይሸሻሉ። እሱ መሸሻ የለውም። ፀሐይዋ መጀመሪያ የምትነካው ጣቶቹን ነው። እንደተቃጠለ ወረቀት ጠቁረው ይረግፋሉ። እሷ በበሩ ስንጥቅ እያየችው ነው። እሱ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ እንዳታየው። ማታ ሌሎቹ መጥተው በሩን ሲከፍቱላት አመዱ ውስጥ ቀለበቱን ታገኛለች።

ያንን ትዕይንት ከታናሽ እህቴ ጋር ነው ያየሁት። አባታችን ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ብዙ ደቂቃ ማናችንም አልተናገርንም። እሷ ተነሥታ መብራቱን አበራች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ስለ አባታችን በደንብ ያወራነው ያን ለት ነው።

እና የክፍል ሁለት ትሬይለር፣ አጭሩ ማስተዋወቂያ፣ መጣ። ትሬይለሩ ውስጥ ጀግናዋ አንድ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ትከፍታለች። ሣጥኑ ውስጥ አመድ አለ። የወንድሟን ስም ትጠራለች። አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። እህቴ ያንን አይታ ሊንኩን ላከችልኝ፤ "አብረን እናየዋለን" ብላ። እኔ ያን ዕለት ማታ ከፈልኩ።

አሁን ወደ 52ኛው ደቂቃ ልውሰዳችሁ።

ጀግናዋ አልጋ ላይ ተኝታለች። መጋረጃው ገለጥ ብሏል። ፊቷ ላይ ብርሃን አለ። መጀመሪያ የመብራት መሰለኝ። ተነሣች። በባዶ እግሯ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ፀሐይ ነው። የማለዳ ፀሐይ፣ ጥላዋ ወለሉ ላይ ረዝሞ የሚታይበት። ክርኖቿን መደገፊያው ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች። ሙቀቱን እያጣጣመችው ነው። ካሜራው ቀስ ብሎ ይዞራታል። ሙዚቃው ለስለስ ያለ ነው። ጣቷ ላይ የወንድሟ ቀለበት አለ፤ ፀሐዩ ቀለበቱ ላይ ሲያበራ በቅርብ ያሳዩናል። ያንን ቀለበት፣ በዚያ ፀሐይ!

ጠበቅኩ። ሕልም ይሆናል አልኩ። አሁን ቆዳዋ መጤስ ይጀምራል አልኩ። መድኃኒት አግኝታ ይሆናል፣ ደሟ ተለውጦ ይሆናል፣ አንድ ሰው አሁን "እንዴት ቻልሽው?" ብሎ ይጠይቃታል አልኩ። ወደ ውስጥ ተመለሰች። አዲሱን ፍቅረኛዋን "ደህና አደርክ?" አለችው። እሱም "ደህና" አለ። ትዕይንቱ አለቀ።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። "ቆይ፣ ፀሐይ አይደል እንዴ ይሄ?"

"ጠብቂ፣ ያብራሩታል" አልኳት። ከልቤ አምኜ ነው ያልኳት። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። አላብራሩትም። የተዋንያኑ ስም መውረድ ሲጀምር እህቴ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦ "ታዲያ እሱ ለምን ሞተ?"

መልስ የለኝም። አሁንም የለኝም። ፀሐይ የማይገድላቸው ከሆነ ያ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አመድ የሆነው ለምንድን ነው? ክፍል ሁለት ለራሱ ብቻ ቢበላሽ ምንም አልልም ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ወደ ኋላ ተመልሰው ክፍል አንድን ነው የወሰዱብን። እኔና እህቴ የያዝነውን።

ቫምፓየር ፀሐይ ላይ ወጣ ብዬ አይደለም የተቆጣሁት። ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ልብ ወለድ ድራኩላ የሚባለው ቫምፓየር በቀን ብርሃን ለንደን ውስጥ ይታያል። ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። ቫምፓየርን ፀሐይ አመድ የሚያደርገው ነገር የታወቀው በ1922 ከወጣው ከኖስፌራቱ፣ ከጀርመኑ ድምፅ አልባ ፊልም ወዲህ ነው። ስለዚህ ደራሲ የፈለገውን ሕግ ይምረጥ፤ መብቱ ነው። ግን አንዴ በዚያ ሕግ ሰው ገድሎ ካስለቀሰን ሕጉ የእሱ ብቻ አይደለም። የእኛም ሆኗል።

ሌላም አለ። ጨረቃዋን ተመልከቱ። ተኩላዎቹ አድፍጠው በሚያጠቁበት ሌሊት ሰማዩ ላይ ያለችው እንደ ማጭድ የቀጠነች ጨረቃ ናት። መሪያቸው "ነገ ማታ እንጨርሳቸዋለን" ይላል። ነገ ማታ ሲሆን ጨረቃዋ ሙሉ ክብ ናት፤ ሁሉም ይለወጣሉ። ጨረቃ ከሙሉ እስከ ሙሉ 29 ቀን ተኩል ይፈጅባታል። ያቺ ቀጭን ጨረቃ ሙሉ ለመሆን 12 ቀን ገደማ ትፈልጋለች። ክፍል አንድ ላይ እኮ ይህንን በትክክል ሠርተውት ነበር። ሙሉ ጨረቃ የምትጠልቀው ፀሐይ ስትወጣ አካባቢ ነው፤ የወንድሟም ሞት የቆመው በዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ያን ያወቀ ሰው ክፍል ሁለት ላይ የት ሄደ?

የተኩላዎቹ መሪ ራሱ ክፍል አንድ ላይ አንገቱ ተቆርጧል። በብር መጥረቢያ። አሁን በር ከፍቶ ይገባል፤ አንድም ሰው አይደነግጥም።

ቀለበቱ ደግሞ ቀኝ እጇ ላይ ይታያል፣ ወዲያው ግራ እጇ ላይ፣ ከዚያ ጭራሽ የለም። ይህንን ግን እተወዋለሁ። ፊልም በተራ አይቀረጽም፤ የመጨረሻው ትዕይንት መጀመሪያ ሊቀረጽ ይችላል። ጽዋው በየትኛው እጅ እንደነበረ፣ የትኛው የልብስ ቁልፍ እንደተከፈተ የሚመዘግብ ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር የሚባል ባለሙያ አለ። ሥራው አድካሚ ነው፤ ሰው ነውና ያልፈዋል። የፀሐዩ ነገር ግን ዓይን ያለፈው ስሕተት አይደለም። ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ተነቦ፣ ገንዘብ ወጥቶበት፣ መብራት ተስተካክሎለት ነው የተሠራው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ "ወንድሟስ?" አላለም።

ምናልባት ማብራሪያ ቀርጸው፣ ኋላ ቆርጠውት ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ደርሷል። በ1943 ፍራንከንስታይንና ተኩላ ሰው የተገናኙበት ፊልም ሲወጣ ፍራንከንስታይን የሚባለው ሳይንቲስት ከሬሳ የሠራው ፍጡር እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ እየተደናበረ ሲሄድ ይታያል። በቀደመው ፊልም መጨረሻ ላይ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ግን የሚናገረውን ሁሉ፣ ስለ ዓይነ ስውርነቱ የተባለውንም ጭምር፣ ፊልሙ ሳይወጣ ቆርጠው ጣሉት። ተመልካቹ ለምን እንዲህ እንደሚሄድ አላወቀም። ቤላ ሉጎሲ የሚባለው ተዋናይ ዓይነ ስውር ሆኖ በትክክል የሠራው ሥራ መደናበር ብቻ መስሎ ቀረ። የእኛም ፊልም ማብራሪያ ኖሮት ተቆርጦ እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው የሣጥኑ ትዕይንት እንደሌለ ነው። ትሬይለሩ ላይ ያየነው አመድ፣ የወንድሟ ስም፣ የለም። "ያልታዩ ትዕይንቶች" የሚለውን ከፍቼ ፈለግሁ። እዚያም የለም። ስሙ ፊልሙ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም።

ወዲያው ለሻጮቹ ደወልኩ። መስመራቸው ሌሊትም ይሠራል። የተከፈለውን እንዲመልሱልኝ ጠየቅኩ።

"ፊልሙን ስንት ደቂቃ አዩት?" አለችኝ ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ።

"እስከ መጨረሻው።"

"እንግዲያው ተጠቅመውበታል፣ ጌታዬ።"

ትሬይለሩ ላይ ያለው ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ እንደሌለ ነገርኳት። "ትሬይለር ለማስተዋወቅ ነው" አለች። ስለ ፀሐዩም ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝም፤ ግን የምትሰማኝ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፦ "ጌታዬ፣ የቫምፓየር ፊልም እኮ ነው። ቫምፓየር የሚባል ነገር አለ እንዴ?" ቀጥሎ ማይኩን በእጇ የሸፈነች መሰለኝ፤ በደንብ ግን አልሸፈነችውም። "ሴትየዋ ፀሐይ ወጣባት ብሎ ብሬን መልሱ ይላል" ስትል ሰማሁ። ሁለት ሰዎች ሲስቁ ሰማሁ። ተመልሳ መጥታ "ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?" አለችኝ።

ፊቴ ጋለ። አንዲት ቃል መመለስ አቃተኝ፤ ስልኩን ዘጋሁት። ያኔ ያልመለስኩላትን እዚህ ልመልስ። ቫምፓየር እንደሌለ አውቃለሁ። የእውነተኛ ከተማ ፊልም ቢሆን ስሕተቱን ራሴ አርመዋለሁ፤ መንገዱን፣ ሰዓቱን፣ ሰዉን አውቃለሁ። በሌለ ዓለም ውስጥ ግን የማምነው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የእነሱ ቃል። ፀሐይ ይገድላል አሉኝ፤ አመንኩ። ያመንኩበትን ነው የሸጡልኝ። ቃላቸውን ሲያጥፉ ምን ቀረኝ?

ትሬይለርም "ለማስተዋወቅ ነው" ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተመልካቾች በትሬይለሩ ያዩዋት ተዋናይት ፊልሙ ውስጥ ስላልነበረች ክስ መሥርተው ነበር። ፊልሙን ለመከራየት እያንዳንዳቸው የከፈሉት 3.99 ዶላር ነው። በ2022 መጨረሻ የፌዴራል ዳኛው ትሬይለር የንግድ ማስታወቂያ ነው፣ በሐሰተኛ ማስታወቂያ ሊያስከስስ ይችላል ብለው ክሱ እንዲቀጥል ፈቀዱ። ክሱ በኋላ ባይዘልቅም ነገሩ እንደ እብድ ወሬ የሚሳቅበት እንዳልሆነ ያሳያል።

እህቴ ቅድም ወደ ክፍሏ ገብታለች። ቀለበቱን የምታገኝበትን ትዕይንት ስልኳ ላይ ታስቀምጠው ነበር፤ አንዳንዴ ከፍታ ታየዋለች። ዛሬ ስትገባ "አጠፋሁት" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ለማንኛውም፣ ቀድማችሁ አትክፈሉ። ከወጣ ሦስት ቀን ጠብቁ፤ ክፍል አንድን የሚወድ ሰው አይቶ ምን እንዳለ ስሙ። ከፍላችሁ ከሆነም ማጫወቻውን ሳትነኩ የመመለሻ ደንቡን አንብቡት፤ ብዙዎቹ አንዴ ከተከፈተ አይመልሱም። ትሬይለሩን አስቀምጡት፤ በኋላ ያጠፉታል። እኔ የትሬይለሩን ሣጥን ምስል አያይዤ ቅሬታዬን በጽሑፍ ልኬላቸዋለሁ። መልስ ከመጣ እዚሁ ሥር እጽፈዋለሁ።