የጠፋ የሊኑክስ ፓርቲሽን ለመለሰልን የጅማ ባለሙያ ምስጋና ይድረሰው

ጅማና አካባቢዋ ላላችሁ፣ በተለይ ዊንዶውስና ሊኑክስን በአንድ ማሽን ጭናችሁ ለምትሠሩ ሁሉ፦ መርካቶ አካባቢ አነስተኛ የጥገና ቤት ያለውን ወንድማችንን በአደባባይ ማመስገን ይገባናል። እጁ ይባረክ! አሠራሩን በዝርዝር የምንጽፈው፣ ዲስካችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

ማሽኑ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ በጂፒቲ (የክፍሎቹ ዝርዝር በሚያዝበት ሰንጠረዥ) ወደ ፓርቲሽኖች፣ ማለትም ወደ ክፍሎች የተከፋፈለ። የቡና ቅምሻ ውጤቶቻችን በሙሉ ያሉት ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ነው) በኩል ነበር። ዊንዶውስ ኢኤክስቲ4ን (የሊኑክስ የፋይል አደረጃጀት) ስለማያነብ፣ ዲስክ ማኔጅመንት ላይ የሊኑክስ ክፍሎች ፊደል የሌላቸው ባዶ ሳጥኖች መስለው ይታያሉ። ቦታ የጠበበው ሰው ሦስቱንም (ሲስተሙ ያለበትን ሩት፣ ፋይሎቻችን ያሉበትን ሆም፣ ለማስታወሻ ማገዣ የሚያገለግለውን ስዋፕ) አጠፋቸውና በመጀመሪያው ቦታ ላይ አዲስ ዲ ድራይቭ ፈጥሮ ፈጣን ፎርማት አደረገው። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚመጣው የግራብ (ሲስተም የሚያስነሳው ፕሮግራም) ጥቁር ስክሪን ብቻ ሆነ።

ፓርቲሽን ሲጠፋ የሚሰረዘው ሰንጠረዡ ላይ ያለው መስመር ነው፤ ፋይሉ እዚያው አለ። ጉዳቱ የሚመጣው በኋላ በላዩ ከሚጻፈው ነው። ባለሙያው በስልክ እንደሰማን ማሽኑን እንድናጠፋና ዊንዶውስንም እንዳናስነሳ ነገረን። ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ሰካው፣ በስማርት (ዲስኩ ስለራሱ በሚመዘግበው መረጃ) ጤንነቱን አየ፣ ከዚያ በዲዲረስኪው (ዲስክ የሚቀዳ ፕሮግራም) ሙሉውን ዲስክ ሴክተር በሴክተር (በትናንሽ የመረጃ ቁራጮች) ወደ 1 ቴራ ኤክስተርናል ገለበጠ። ፍለጋውም ጥገናውም የተሞከረው በቅጂው ላይ ነው። ዲዲረስኪው የደረሰበትን በማፕ ፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ቢጠፋም ካቆመበት ይቀጥላል፤ ለእኛ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የጠፉ ክፍሎችን የሚፈልገው ፕሮግራም፣ ቴስትዲስክ። ፈጣን ፍለጋው ሆም ያለበትን ክፍል ወዲያው አገኘው፤ በላዩ ምንም አልተጻፈበትም። «ፒ»ን ሲጫን ፎልደሮቹ ከነስማቸው፣ ከነቀናቸው ተዘረዘሩ። ሩት ያለበት ክፍል ግን አዲሱ ዲ የተቀመጠበት ነው። የኢኤክስቲ4 ዋናው ሱፐርብሎክ (የክፍሉን አወቃቀር የሚመዘግበው ቦታ) ከክፍሉ መጀመሪያ 1024 ባይት ገባ ብሎ ይገኛል፤ የኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት) የማስነሻ ክፍል ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 16 ሴክተሮች ማለትም 8192 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ዋናው ሱፐርብሎክ ተደፍጥጧል። ጥልቅ ፍለጋው ያመጣው መጠባበቂያዎቹን ነው፤ ብሎኩ 4096 ባይት ሲሆን የመጀመሪያው መጠባበቂያ 32768ኛው ብሎክ ላይ፣ ማለትም 128 ሜጋባይት ያህል ገባ ብሎ ይቀመጣል።

የሚቸኩል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቴስትዲስክ አዲሱን ኤንቲኤፍኤስና አሮጌውን ኢኤክስቲ4 ጎን ለጎን ያሳያል፤ ስለሚደራረቡ ሁለቱም አብረው ወደ ሰንጠረዡ አይገቡም። ባለሙያው የእያንዳንዱን መነሻ ሴክተር ወረቀት ላይ ጻፈ፣ ለ2048 መካፈሉን (ክፍሎች በተለምዶ የሚጀምሩበት ልክ ነው) አረጋገጠ፣ አሮጌውን መረጠ። ኤፍኤስሲኬን (የሊኑክስ ክፍልን የሚመረምርና የሚጠግን ፕሮግራም) መጀመሪያ ያስኬደው ምንም በማይጽፍበት አማራጭ ነው፤ ውጤቱን አንብቦ ነው ከመጠባበቂያው ሱፐርብሎክ ጥገናውን የጀመረው። የኤንቲኤፍኤስ መዝገብ ያረፈባቸው ጥቂት የሲስተም ፋይሎች ተበላሽተው ስለነበር ፓኬጆቹን እንደገና ጫናቸው። የቅምሻው መረጃ ግን አንድም ሳይጎድል ተገኘ።

ዋናውን ዲስክ የነካው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔም ያለውን ሰንጠረዥ በኤስጂዲስክ (የጂፒቲ ሰንጠረዥ ማስተካከያ ፕሮግራም) ፍላሽ ላይ አስቀምጦ። ግራብን እንደገና መጫን አላስፈለገም፤ ሩትን የሚፈልገው በዩዩአይዲ (በክፍሉ ልዩ መለያ ቁጥር) ስለሆነና ያ ቁጥር መጠባበቂያ ሱፐርብሎኩም ውስጥ ስላለ ሜኑው ራሱ ተመለሰ። ስዋፑን አዲስ ፈጠረው። አዲስ ስዋፕ አዲስ ዩዩአይዲ ይዞ ስለሚመጣ ኤፍኤስታብ (ሲስተሙ ሲነሳ የሚያነበው የክፍሎች ዝርዝር ፋይል) ላይ ካልተቀየረ ኡቡንቱ ሲነሳ 90 ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል፤ ብዙ ጠጋኝ የሚረሳትን ይህችንም አልረሳም።

ዋጋውን ገና ሳይጀምር ነገረን፤ መረጃው ካልተገኘ የምርመራ ብቻ እንደሚያስከፍልም እንዲሁ። ተስፋ የሌለውንም አልደበቀም፦ ኤስኤስዲ ቢሆን ኖሮ ፈጣን ፎርማቱ ትሪም (ያን ቦታ አጽዳ የሚል ትእዛዝ) ስለሚልክ ያ ክፍል ላይመለስ ይችል ነበር። ፎቶሬክን (ሌላ የፋይል ማስመለሻ ፕሮግራም) የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል፤ ፋይሎቹን ያለ ስምና ያለ ፎልደር ነው የሚያወጣው። ፈጣሪ ይስጥልን።

ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። ስትሄዱ ከተበላሸው ዲስክ የሚበልጥ ባዶ ኤክስተርናል ያዙ፤ ዊንዶውሱ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ የማስመለሻ ቁልፉን፣ ሊኑክሱ በሉክስ (የሊኑክስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ የይለፍ ቃሉን አትርሱ። «ፎርማት ይደረግ?» የሚል መልእክት ከመጣባችሁ እሺ አትበሉ።