ሜዳዋ ደስ ትላለች፣ የዱላ ኪራዩን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ

ለሦስት ሳምንት ሀገር ቤት ገብቼ ነበር። ከዘመድ ጥየቃው መሀል አንድ ጠዋት ለራሴ ወሰድኩና ወደ አንዲት ትንሽ ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ሄድኩ። ርካሽ ናት። አባል ሁን የሚል የለም፣ ከፍሎ መግባት ነው። እንደኔ ለእረፍት መጥቶ ዱላ መጨበጥ ለሚያምረው ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። እስካሁን ከሆዴ ያልወጣ ነገርም አለ።

መጀመሪያ ደጉን ላውራ። ከ9ኙ ጉድጓድ 6ቱ ፓር 3 ናቸው፣ በሦስት ምት እንዲያልቁ የታሰቡ ማለት ነው፤ የቀሩት ፓር 4። ፌርዌዩ፣ ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው ዋናው የመጫወቻ መንገድ፣ ደረቅ ስለሆነ ኳሷ ካረፈች በኋላ ብዙ ትንከባለላለች። ግሪኑ፣ ጉድጓዱ ያለበት ደልዳላ ቦታ፣ ሣር ሳይሆን አሸዋ ነው፤ ነፋስ እንዳይወስደው ዘይት የተቀላቀለበት። ውሃ በሚያጥርበት ቦታ እንዲህ ይሠራል። እኔ ግን አሸዋ ላይ በፓተር፣ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ በሚያንከባልሉበት ዱላ፣ መትቼ አላውቅም። ካዲዬ፣ ዱላ ይዞ የሚከተለኝ ረዳቴ፣ ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ ነው። ኳሷ ያለችበትን ምልክት አድርጎ አነሳት። ከዚያ መደልደያውን ከምልክቱ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ቀስ ብሎ ጎተተና አንድ ለስላሳ መንገድ አወጣልኝ። «ጋሼ፣ ጠንከር አድርገው ይምቷት፣ አሸዋው ይይዛታል» አለኝ። አላመንኩትም፣ ኳሷ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች። በሚቀጥለው ጉድጓድ እንዳለኝ መታሁ፣ ገባች።

ሦስተኛው ላይ ኳሴ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። «አይዞዎት ጋሼ፣ አይቻታለሁ» ብሎ ሮጠ። ውጭ ሀገር 16 ዓመት ስጫወት ስንት ኳስ እንደጠፋብኝ አልቆጥረውም። አንድም ቀን አይዞህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሆዴ ባባ።

አሁን ወደ ክፉው።

ቀጠሮዬ 3 ሰዓት ነበር። ዱላውን ተከራይቼ በሰዓቱ ቆምኩ። የጀመርኩት 4 ከሩብ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ የመጣውን ሁሉ ትመዘግባለች፤ ማን መቼ ይነሳ ብሎ የሚያስተካክል የለም። ከፊታችን አምስት ሆነው የወጡ ሰዎች ነበሩ። አንድ ኳስ በጠፋ ቁጥር አምስቱም ተበትነው ይፈልጋሉ። አንዴ ሰዓቴን ያዝኩ፤ 11 ደቂቃ ፈጀባቸው። ደንቡ የሚፈቅደው 3 ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 በፊት እንኳን 5 ነበር። ካለፈ ኳሱ ጠፍቷል፣ አንድ ምት ተቀጥቶ መጀመሪያ ከመታበት ቦታ መድገም ነው። ተራ የደረሰው ሰው በ40 ሰከንድ ውስጥ እንዲመታም ይመከራል። ሰዎቹን አልወቅስም፣ ገና እየተማሩ ነው። ኋላቸው የሚጠብቀውን ማሳለፍ እንደሚገባ የነገራቸው የለም። እኔ በምኖርበት ከተማ እንዲህ ያለ ርካሽ የሕዝብ ሜዳ አለ፤ ማርሻሉ፣ የሜዳው ተቆጣጣሪ፣ እየዞረ «እነዚህን አሳልፏቸው» ይላል። 9 ጉድጓድ በሁለት ሰዓት አልቆ ቤትህ ትገባለህ። እዚህ የመጨረሻውን ጉድጓድ ስጨርስ 8 ሰዓት ሊሆን ነው።

ይሄም ቢሆን ይታለፋል። ሜዳ ላይ ነኝ፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ልጁ ያጫውተኛል።

ዱላውን ልመልስ ሄድኩ። ቦርሳው ውስጥ 7 ዱላ ነበር። ደንቡ እስከ 14 ይፈቅዳል፣ ለእንዲህ ያለች አጭር ሜዳ ግን 7 ይበቃል፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። መግቢያው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የኪራዩን ዋጋ ብቻ ነው የሚለው። ለአንድ ዙር መስሎኝ ነበር። ልጅቷ መዝገቧን አየችና «በሁለት ሁለት ሰዓት ነው፣ ሦስት ጊዜ ይሆናል» አለችኝ። ከ3 ሰዓት ጀምራ ነው የቆጠረችው። የቆምኩባት ሰዓት ከሩብም ገብታለች!

«እህቴ፣ ያቆማችሁኝ እኮ እናንተ ናችሁ።»

«አሠራሩ ነው ጋሼ።»

ኃላፊው ይጠራልኝ አልኩ። መጣ፣ ሳቅ አለ፣ «ከውጭ ለመጣ ሰው ይቺ ምን አላት?» አለኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ አመመኝ። ሜዳው ላይ የሀገሬ ልጅ አይዞዎት ብሎኛል። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ የውጭ ሰው ሆንኩ። ኪራዩ ከመግቢያው በለጠ። ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ የጻፉልኝ ድምሩን ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ የሚል ቃል የለበትም። ካዲዬ አጠገቤ ቆሞ የጸዳችውን ኳስ በጨርቅ እንደገና ይጠርጋል። ቀና ብሎ አላየኝም።

ሜዳዋ ግን አትቀርባችሁ። እንደተከፈተች ግቡ፣ በሥራ ቀን ቢሆን ይመረጣል። ኪራዩ በዙር ነው በሰዓት የሚለውን ዱላውን ከመጨበጣችሁ በፊት ጠይቁ፣ ደረሰኙ ላይም አስጽፉት። ሰዓቱ ከመጀመሪያው ምታችሁ እንዲቆጠር ተነጋገሩ። የካዲውን ክፍያ ለራሱ በእጁ ስጡት።

ከመብረሬ በፊት ባለው ማክሰኞ ተመልሼ ሄድኩ። ዘመድ ቤት ተረስተው የቆዩ አንድ ሰባት ቁጥር ዱላና አንድ ፓተር ይዤ፣ ምንም ሳልከራይ። ልጁን አስጠራሁት። ከፊታችን ማንም አልነበረም፤ አሸዋው ላይ የሰው እግር ገና አላረፈበትም። በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረስን። ሰባተኛው ላይ መደልደያውን ሊጎትት ሲል ተቀበልኩትና እኔ ጎተትኩት። መንገዴ ጠመመ። ልጁ ምንም ሳይል ከኋላዬ መጥቶ አቃናልኝ።