ለጀማ የሚሆን ካያክ፦ የሚነፋው ወይስ ደረቁ?

«ጀማ ወንዝ ላይ ለመቅዘፍ የሚነፋውን ካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ልግዛ ወይስ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራውን ደረቁን?» እያሉ የሚደውሉልኝ ጓደኞች በዝተዋል። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ለሚኖር ሰው መልሴ አንድ ነው፦ የሚነፋውን፣ ያውም ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ፣ ከወፍራሙ የተሠራውን። ቀጭኑን ግን ገዝቼ ከስሬበታለሁ።

ጥቅምት 2017 አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰው የሚይዝ የሚነፋ ካያክ 9,500 ብር አሉኝ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ስለተወደደ፣ ዋጋው ሳያመልጠኝ ብዬ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ብመዝነው ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው በ4 ኪሎ ያንሳል፤ ፕላስቲኩ ቀጭን ነው ማለት ነው። ያኔ መመለስ ነበረብኝ።

ኅዳር ላይ ከለሚ ከተማ ቁልቁል ወርደን ከጀማ ድልድይ በታች ውኃ ላይ አዋልነው። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ጠርቷል፤ ጠጠሩ ከታች ይታያል፤ ረጋ ብሎ የሚሄደው ውኃ ለጀማሪ የተመቸ ነው። በሦስተኛው ጉዞዬ ግራ ጎኑ፣ መጋጠሚያው ላይ፣ ነጭ መስመር አወጣ። መስመሩ ጣት የሚያህል ሲሰፋ አየሩ ፊሽ ብሎ ወጣና ወገቤ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሜ ወደ ዳር ጎተትኩት።

ጎሚስታ ዘንድ ወሰድኩት። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ እንደ ጎማ ከመነዳሪ ለጠፈው፤ 150 ብር። በማግስቱ ስነፋው ልጣፉ ከጠርዙ እየተጠቀለለ ተነሣ። ደግሞ ለጠፈው፤ ሌላ 150። አሁንም ተላቀቀ። ሰውዬው ሥራውን ያውቃል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የከመነዳሪ ማስቲሽ የተሠራው ለጎማ እንጂ ለፒቪሲ ስላልሆነ አይዝም። 9,800 ብር ለሦስት ጉዞ ሲካፈል አንዱ ከ3,260 ብር በላይ ነው።

ቀጥሎ ደረቁን ጠየቅሁ፤ 95,000 ብር። አሠራሩ እንደ ሮቶ ታንከር ነው፣ ፕላስቲኩም ያው ፖሊኢትሊን ነው። ጠጠር ቢፍቀው ግድ የለውም፤ ከሰዓት በኋላ ገደሉን ይዞ የሚመጣ ነፋስም እንደሚነፋው ካያክ በቀላሉ ከመንገዱ አያስወጣውም። ቢሰነጠቅ ግን ተራ ማጣበቂያ አይይዘውም፤ በሙቀት ነው የሚበየደው። ሮቶ የሚበይድ ባለሙያ ካገኛችሁ ይሠራላችኋል። የእኔ ችግር ማጓጓዣው ነው። ሦስት ሜትር የሚያልፍ ዕቃ ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ይጫን ብል ረዳቱ የሦስት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ፤ ለመሄድም ለመመለስም። የተከራየሁት ክፍል ውስጥስ የት ላቆመው? ፒክአፕና ሰፊ ግቢ ያለው፣ ወይም ጋምቤላ ባሮ ዳር የሚኖር ሰው ደረቁን ይግዛ። ባሮ ድሮ በእንፋሎት መርከብ እስከ ሱዳን ይነገድበት የነበረ ሰፊ ወንዝ ነው፤ ጀልባው እዚያው ከቆመ ጭነት የለበትም።

አሁን የምቀዝፍበት ኢንቴክስ ኤክስፕሎረር ኬ2 የተባለ የሚነፋ ካያክ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመዴ በ140 ዶላር ገዝቶ በሻንጣው አመጣልኝ፤ በጊዜው ምንዛሪ 17,500 ብር ገደማ። አንዴ የግራር እሾህ ወጋው። 650 ብር የገዛሁትን የፒቪሲ ማጣበቂያ ቀብቼ ለጠፍኩት፤ እስካሁን ይዟል። 18,150 ብር ለአሥራ አንድ ጉዞ ሲካፈል 1,650 ነው፤ በሄድኩ ቁጥርም ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጀማ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል። ቤት ነፍታችሁ የወሰዳችሁት እታች ሲደርስ ይለሰልሳል፤ እታች ተነፍቶ ሽቅብ የሚወጣው ያብጣል። ስለዚህ ወንዙ ዳር ንፉት፤ ውኃ ላይ አሥር ደቂቃ አቆዩትና ቀዝቅዞ ሲላላ ጨምሩለት። ስትጨርሱ ቫልቮላውን ክፈቱ። ተነፍቶ ፀሐይ ላይ ከተተወ አየሩ ሞቆ መጋጠሚያውን ሊገነጥለው ይችላል። በክረምት ግን በየትኛውም አትግቡ፤ ደራሽ ውኃ ጊዜ አይሰጥም። አዞ መኖር አለመኖሩንም የወንዙን ዳር ሰዎች ጠይቁ። የላይፍ ጃኬቱን ዋጋ ከካያኩ ጋር ደምራችሁ አስቡት።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ አስነፉት። መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውኃ ቀቡና አረፋ የሚያወጣ ቦታ ካለ ፈልጉ። መዝኑት። ሻጩ «አንዴ ከተነፋ መልሶ አይታጠፍም» ካላችሁ ትታችሁት ውጡ፤ እኔንም ያሉኝ ይህንኑ ነበር።